በዕድሩ አግዳሚዎች መካከል

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ከድጃ የተባለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከዘርፌ ደጃፍ ቆማ፣ ያልተመዘገበ ሕፃን እንዳለ ጠየቀች። ዘርፌ «የለም» አለቻት። ቃሏ ግን ውሸት ነበር፤ ሦስት ዓመት ሊሞላት የተቃረበችው ልጇ ማስተዋል፣ ገና መቆምም መናገርም ያልቻለችው፣ ጓዳ ውስጥ ነበረችና። ጎረቤቶች አባቷም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው እያሉ ያጽናኗታል፤ መሬት እንዳታስነካትም ይመክሯታል። ስለዚህ ልጅቱ ከአንቀልባ የወረደችበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዘርፌ ልጇን ታቅፋ መደቡ ላይ እንደተቀመጠች፣ ሐሳብ አድክሟት አሸለበች።

ባዶ አንቀልባ በትከሻቸው ጣል ያደረጉ አንዲት አሮጊት «ተከተይኝ ልጄ» አሏት። የወሰዷት ከተማ የራሷን ትመስላለች፤ ግን በየቤቱ ደፍ ሕፃናት ይድሃሉ፣ የሚሸሽግም የለም። አደባባዩ ላይ የዕድር ድንኳን ተተክሎ ስታይ ደንግጣ ጠየቀች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ዕድሩ የወጣው ልጅ ሊያቆም ነው።»

የለቀስተኛ መቀመጫ የነበሩት ረጃጅም አግዳሚዎች፣ በመካከላቸው ጠባብ መንገድ ትተው ፊት ለፊት ተደርድረዋል። አንዲት ሕፃን በግራ በቀኝ ጠርዛቸውን ይዛ ትንገዳገዳለች። የሠለጠነች ባለሙያ ወገቧን ደግፋ ቀስ በቀስ ትለቃታለች፤ አያያዙንም ለእናቲቱ ታሳያለች። ከወዲያኛው ጫፍ የዕድሩ ሊቀመንበር ብርቱካን ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

«ለለቅሶ ሲጠሩ ወገቤን የሚሉ ሰው ናቸው» አሉ አሮጊቷ ፈገግ ብለው።

ሌላ እናት ውሃ ይዛ ልጇን ዝም ብላ ታያለች። ዘርፌ ልጁ ጠምቶት ሳለ ለምን እንደማትሰጠው አሮጊቷን ጠየቀች።

«ሳይጠይቅ ከሰጡት መጠየቅን መቼ ይልመድ? እጁን ሲዘረጋ ወዲያው ይሰጡታል።»

«ሁሉም ይድናሉ?»

«አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ምርኩዝ ይይዛል፤ በእጁ ብቻ የሚናገርም አለ። የሚደበቅ ግን የለም።»

ዘርፌ በአንቀልባ ያዘለቻትን ልጇን ዳሰሰች። «የኔዋስ... አልዘገየባትም?»

«ከትናንት ዘግይቷል፤ ከነገ ግን ይቀድማል። አንቀልባሽን አውልቂ።»

ስትባንን ባሏ ይመኑ በር ላይ ቆሟል። የዕድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ስለሆነ ቁልፉ ከኪሱ አይለይም። ሁለት አግዳሚ እንዲያወጣላት ነገረችው።

ይመኑ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አለች፤ ልጇንም አቅፋ ወጣች።

ይመኑ ግራ እንደተጋባ አግዳሚዎቹን ግቢው ውስጥ አስቀመጠ። የዕድር አግዳሚ ሲወጣ ያየ ሰፈር ዝም አይልም፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው ደረሱ። ከድጃም ከመንገድ ተመልሳ ከኋላቸው ገባች። እንባ ሊያወርዱ የመጡት ሰዎች ማስተዋልን አዩ፤ እናቷ ከብብቷ ስር ደግፋት፣ ባዶ እግሯ አፈር ነክቶ፣ ጣቶቿ የአግዳሚውን ጠርዝ ጨብጠው ነበር።

ዘርፌ ከድጃን እያየች «ልጅ አለኝ» አለች። ከዚያም ለተሰበሰበው ሁሉ ያየችውን ከመጀመሪያው ጀምራ ተረከች። ገና ሳትጨርስ፣ አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰችና ከአግዳሚው ወዲያኛው ጫፍ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች።