ቢጫዋና ጥቁሩ

ሃያ ምናምን ዓመት ፖሊስ ሆኜ ስሠራ ሰው ላይ አንድ ጥይት ተኩሼ አላውቅም። ይህን በትሕትና የምናገር እንዳይመስላችሁ። ቁርስ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ መጸዳጃ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ሳይቀር የምነዛው ጉራዬ ነው። "አፍ እያለ ጥይት ምን ይሠራል" እላለሁ። የሚሰማኝ ባይኖርም እደግመዋለሁ።

ኦርቪል ሃካቢ እባላለሁ። የምሠራው አሪዞና ውስጥ፣ በበጋ አስፋልቱ ጫማ በሚይዝባት አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ባልደረቦቼ ሰባኪው ይሉኛል። ምእመኔ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዌንደል። ዌንደል የአእምሮ መድኃኒቱን ያቋረጠ ቀን ነዳጅ ማደያው በር ላይ ቆሞ፣ እጁ የገባውን ይዞ ከመኪና ጋር ይጣላል። አንድ ቀን አካፋ ነው፣ አንድ ቀን የአጥር መቀስ። እኔ እሄዳለሁ፣ እለፈልፋለሁ፣ እሱ ቀስ ብሎ የያዘውን ያስቀምጣል፣ ከዚያ ሐኪም ቤት አደርሰዋለሁ። ከተማው ሁሉ ዌንደል ለኦርቪል ካልሆነ ለማንም አይገራም ይላል። ጡረታ ውጣ ስባል እምቢ የምለው በዚሁ ነው። እኔ ከሌለሁ ዌንደል ማን አለው? እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ፣ ሚስቴ ጥላኝ ከሄደች ወዲህ እኔም ከዌንደል ሌላ ማን አለኝ።

ዘንድሮ ታዲያ የሥልጠናው መነጽር መጣ። የስብሰባ አዳራሹን ወንበሮች ገፋ ገፋ ያደርጉና፣ ግማሽ ፊት የሚሸፍን መነጽር ያጠልቁልሃል። ከዚያ በኋላ ያለኸው አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ሰው ይመጣብሃል፣ ያናግርሃል፣ ላቡ ሳይቀር ይታይሃል። ቀበቶህ ላይ በቀኝ በኩል ጥቁሩ ሽጉጥ አለ። በግራ ደግሞ ቢጫዋ አለች፤ በኤሌክትሪክ አደንዝዛ የምትጥለው፣ ሰው የማትገድለው። ሁለቱም የልምምድ ናቸው፤ ክብደታቸው ግን ከእውነተኞቹ አይለይም። ቢጫዋን ስትመዝ "ቢጫ፣ ቢጫ" ብለህ መጮህ አለብህ፤ አለበለዚያ ባልደረባህ ተኩስ መስሎት እሱም ጥይቱን ይለቃል። ይህን ፈተና ያላለፈ መንገድ ላይ አይወጣም፤ ምድር ቤት ወርዶ የተያዘ ዕቃ ይጠብቃል።

"ሽማግሌው፣ ስትወድቅ ወደኔ በኩል አትውደቅ። ወገቤን አሞኛል" አለችኝ ማሪሶል። የመኪና ጓዴ ናት።

"እኔ ሰው ሳለዝብ አንቺ የወተት ጥርስሽን አላወለቅሽም ነበር" አልኳት።

አሠልጣኛችን ሳጅን ሎርና ናት። ሥራ ያስለመድኳት እኔ ራሴ ስለሆንኩ አትፈራኝም። "ኦርቪል፣ ዛሬ የምናየው አፍህን አይደለም" አለችና መነጽሩን አጠለቀችልኝ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ ቀጭን ሰው ቢላ ይዞ ቆሟል። ስብከቴን ጀመርኩ። ወንድሜ አልኩት፣ ችግርህ ይገባኛል አልኩት፣ እኔም በዕድሜዬ ስንቱን አይቻለሁ አልኩት። ኮምፒውተር የፈጠረው ሰው እንኳ የሰለቸው መሰለኝ። ቢላውን ከፍ አድርጎ መጣብኝ። "ቢጫ፣ ቢጫ" ብዬ ጮህኩ፤ ኧረ እንዴት ያለ ጩኸት ነበር፣ ለማስተማሪያ የሚቀዳ። ሰውየውም ዘፍ አለ።

"አያችሁ?" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

"መነጽሩን አውልቅ" አለች ሎርና።

አወለቅሁ። እጄ ላይ ያለው ጥቁሩ ነው። ቢጫዋ ግራ ጎኔ ላይ እንደተሰካች ናት። አፌ ቢጫ እያለ እጄ ሰውየውን ገድሎታል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእጅስ በምን ሊታሽ ነው? ማሪሶልን አየኋት። ትቀልድብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልቀለደችም። ያኔ ነው የፈራሁት።

"ድንጋጤ ነው፣ ብዙ ሰው ላይ ደርሷል። አንዴ መድገም ይፈቀዳል" አለች ሎርና።

ደገምኩ። በዚህኛው እጄን በዓይኔ እየመራሁ ቢጫዋን መዘዝኩ። ሰውየው ተንቀጥቅጦ ወደቀ፤ አልሞተም። አለፍክ ተባልኩ። አጨበጨቡልኝ። እኔም እንደ ሙሽራ እጅ ነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ መኪና ውስጥ ጥፋቱን አንዴ በመነጽሩ፣ አንዴ በቀበቶው፣ አንዴ በበላሁት ቁርስ ሳላክክ ሬዲዮው ጠራን። ዌንደል ነዳጅ ማደያው በር ላይ ነው፤ መዶሻ ይዟል።

"ምእመንህ ነው፣ ውረድ" አለች ማሪሶል መኪናውን አቁማ።

የበሩን እጀታ ያዝኩ። ዌንደል ፀሐይ ላይ ቆሞ መዶሻውን ያወዛውዛል። ቢመጣብኝስ? ቢጫ ብዬ እንደምጮህ አውቃለሁ። እጄ የት እንደሚሄድ ግን አላውቅም። አፈርኩ፤ አፍሬም አልወረድኩም።

"አንቺ ሂጂ" አልኳት።

ትንሽ አየችኝና ወረደች። ራቅ ብላ ባዶ እጆቿን ከፊቷ ዘርግታ ቆመች። ብዙም አልተናገረችም፤ የሚያወራው እሱ ነው። እኔ መግቢያዬን እንኳ በማልጨርስበት ጊዜ መዶሻውን መሬት ላይ አኖረው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀናሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ወደ መኪናው ስታመጣው በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አየኝ።

"ምነው ዛሬ ሳትወርድ?" አለኝ።

እንደ ልማዴ ዙሪያ ጥምጥም ልሄድ አሰብኩና ተውኩት። "ልገድልህ እችላለሁ ብዬ ፈራሁ፣ ዌንደል።"

ያለቅስብኛል ወይም ይሰድበኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ቀዝቀዝ ብሎ፣ የቆየ ነገር እንደሚያወሳ ሰው "እኔም እሱን ነበር የምፈራው" አለኝ። "አንተ ስታወራ ምን እንደምትል አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። እጅህን ነው የማየው። ሁልጊዜ ሽጉጡ ላይ ታሳርፈዋለህ።"

ማሪሶልን ዞር ብዬ አየኋት። ታውቅ ነበር። አንገቷን ደፋች። እኔም ወደ ጭኔ ቁልቁል አየሁ፤ ቀኝ እጄ እዚያው ጥቁሩ ላይ ተጋድሟል።

በማግስቱ ጠዋት ሎርና ቢሮ ገብቼ ቀበቶዬን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና የምድር ቤቱን ቁልፍ እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት። አልፈሃል እኮ አለችኝ። የእኔ ፈታኝ ዌንደል ነው አልኳት።