በአንድ ጎኗ የተኳለችው መርከብ

የጭነት መርከባችን ባለቤት ሊቨርፑል ወደብ ላይ ሊጎበኙን መሆኑን ሲሰማ ምክትል ካፒቴናችን ሃዶው እብድ አከለ። መርከቧ ከላይ እስከ ታች ዝጋለች፤ የቀረን ቀለም ደግሞ ለአንድ ጎን ብቻ ነው የሚበቃው።

«ሊቨርፑል ሁሌም የምንቆመው በግራ ጎናችን ነው» አለ። «ግራውን ብቻ ቀቡት፤ ቀኙን የሚያየው ዓሣ ነው!»

በገመድ ተንጠልጥለን ዝገት ስንፍቅ፣ ቀለም ስንቀባ ሰነበትን። የእኔ ወገብ ሲቆረጥ እሱ ከላይ ሆኖ በሲጋራው እየጠቆመ «እዚያ ጋ ቀርቷል!» ይለኛል፤ የማይረባ።

ሊቨርፑል ስንደርስ የወደቡ ሰዎች ቦታ ጠበባቸውና መርከቧን አዙረው በቀኝ ጎኗ አስጠጓት። ባለቤቱ ሚስተር ኦርመሮድ ከነከዘራቸው ዝገቱ ፊት ቆመዋል። የሃዶው ፊት አመድ መሰለ።

አዛውንቱ ዝገቱን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉና ፊታቸው በራ።

«ጎሽ! ሌሎቹ መርከቦቼ በቀለም ሊያደኸዩኝ ነው። እናንተ ግን አንዲት ጣሳ አላባከናችሁም! እስቲ ጀልባ አምጡልኝ፤ ያንንም ጎን ዞሬ ልየው።»

ሃዶው ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝና በሹክሹክታ፣ «አንተ፣ ያን የፋቃችሁትን ዝገት የት ነው የደፋችሁት?» አለኝ።