አንድም ብረት አይታጠፍም

ሐሙስ ጠዋት በብየዳ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አለቃው፣ ንድፍ የምትሥለው ልጁና የሚስቱ ወንድም። የሚስቱን ወንድም ሠፈሩ ሁሉ "ሰማይ ጠቀስ" ይለዋል፤ ዝንቡን ዝሆን ሳያደርግ ወሬ አይወጣለትምና።

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ንድፍ የውኃ ጋን መሸከሚያ ማማ ነው፤ ላይና ታቹ ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን። ጠርዙ ላይ "ሃይፐርቦሊክ" ተብሎ ተጽፏል።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ አለቃው።

"የእንግሊዝኛ ቃል ነው፣ አባባ። ወሬ ከልኩ ሲያልፍ፣ ተጋነነ ለማለት ይሉታል። በጂኦሜትሪ ደግሞ ጎብጦ እየተከፈተ የሚሄድ፣ ተመልሶ የማይገጥም መስመር ነው።"

"እንግዲያው ምን አደከመን? አጎትሽን አቁመን ጋኑን እላዩ ላይ እንጫን!"

ሰማይ ጠቀስ አልሳቀም። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያለ ማማ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ መጥቷል።

"ጋሼ፣ ንድፉ ላይ ያለው ሃያ አራቱም ብረት ቀጥ ያለ ነው። ዘመም አድርገን ከላይና ከታች ቀለበቱ ላይ ስንበይደው ወገቡ በራሱ ይወጣል። አንድም ብረት አይታጠፍም።"

በዚህ ቤት የሰማይ ጠቀስን ወሬ ለሁለት ከፍሎ መስማት የቆየ ልማድ ነው። መቶ ሰው አየሁ ካለ ሃምሳ ይባላል።

"አንድም ካልክማ፣ ዋርሳዬ፣ ግማሹን እናጥፋለን። አሥራ ሁለት።"

"ይሄ አይከፈልም!"

"ሞተር በአንድ እጄ አነሣሁ ያልከውስ?"

"አላነሣሁትም። ገፋ አደረግሁት" አለ ሰማይ ጠቀስ።

አለቃው ሳቁን ሳይጨርስ የመጀመሪያውን ብረት ማጠፊያው ላይ አጋደመ። ብረቱ አቃሰተ። ሰማይ ጠቀስ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ እስከ በሩ ደርሶ ተመለሰ። በዕድሜው አንዲት ሙሉ እውነት ይዞ ቢመጣ እሷም ተጎምዳ ቀረች። ሁለተኛው ብረት ሲጎብጥ ግን ዝም ብሎ ማየት አልቻለም፤ ጥግ ከተጣለው ቁርጥራጭ መሃል ሁለት የብስክሌት ቸርኬ ጎትቶ አወጣ።

"ያዥልኝ፣ የእኔ እመቤት።"

በሁለቱ ቸርኬዎች መካከል ሲባጎ ዙሪያውን ወጠረ። ከዚያ የላይኛውን ቀስ አድርጎ አዞረው። ቸርኬዎቹ ትንሽ ተቀራረቡ፤ ሲባጎው ሁሉ ቀጥ እንዳለ ዘመመ፤ መሃሉ ላይ ወገብ ወጣ።

"አባባ፣ እየው!"

አለቃው ማጠፊያውን ለቆ መጣ። ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ አንዱን ሲባጎ አነጣጠረ።

"ለትልቁ ማማ ቀለበቱ ምን ያህል ይዞራል?"

የሰማይ ጠቀስ አፍ ላይ አንድ ትልቅ ቁጥር መጥቶ ነበር። ከንፈሩን ነከሰ።

"አላውቅም፣ ጋሼ። ልለካው።"

አለቃው ቀና አለ። ከዚያም ሁለቱን የጎበጡ ብረቶች ወደ ጥግ ወርውሮ፣ ሁለት አዲስ ብረት እንዲመጣ አዘዘ፤ ሃያ አራቱም ሳይታጠፉ ተበየዱ።