ሶፋውን ያልሰረዘችው ልጅ

ቃሪያ ይሏታል። ስም ጠፍቶላት አይደለም፤ ነገር ቶሎ ስለሚያንገበግባት ሰፈሩ በሙሉ፣ እናቷም ጭምር፣ በዚሁ ነው የሚጠሯት። በዚያ ከተማ ደግሞ ያልተንገበገበ ልጅ ካለ መታከም ያለበት እሱ ነው። በየምሰሶው ካሜራ፣ በየደጁ ካሜራ፣ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ሳይቀር ካሜራ! ይሄ ሁሉ አልበቃ ብሏቸው ለየልጁ ታብሌት አደሉ። ጨዋታ ነው አሉ።

ከትምህርት ቤት መልስ ልጆቹ ሁሉ በየደጃፋቸው ይቀመጣሉ። ታብሌቱ ውስጥ ፂሙ የተንዠረገገ፣ ፈገግታ የማይለየው አንድ ሰውዬ ብቅ ይልና እንቆቅልሽ ያቀርባል። ማን ሰረቀ? ማን ተደበቀ? ልጆቹ ይመርጣሉ፣ ይሰርዛሉ፣ ኮከብ ያገኛሉ። ሰውዬውን “አባባ መርማሪ” በሉት ተብለዋል። አባት ተብዬ! የማይጫወት ልጅ ያለበት ቤት በማግስቱ ፈታሽ ይገባበታል።

የሰሞኑ እንቆቅልሽ የመንገዱን ካሜራ በድንጋይ የሰበረው ማነው የሚል ነበር። የሰበረው የቃሪያ ታናሽ ወንድም፣ ማሙሽ ነው። ከካሜራው ጀርባ ቆሞ ስለወረወረ አልታየም። ነገ ግን የሰፈሩ ልጆች አንድ በአንድ ሊጠየቁ ነው፤ ማሙሽ ደግሞ ውሸት አይሆንለትም፤ ገና አፉን ሳይከፍት ጆሮው ቲማቲም ይመስላል። ሰባሪውን ለያዘ ፈታሽ ሹመት አለው ስለተባለ ፈታሾቹ እንቅልፍ አጥተዋል።

ጥፋተኛ የተባለ ልጅ ማረሚያ ይገባል። ከዚያ የተመለሱትን ሰፈሩ ያውቃቸዋል። የልብስ ሰፊው ልጅ አንዱ ነው። ይበላል፣ ይስቃል፣ “እሺ” ይላል። ኳሱን ቀምተው ዓይኑ እያየ ቢቀድዱትም “እሺ” ነው። መናደድን ከውስጡ ነቅለው አውጥተው ነው ለእናቱ የመለሱላት። ቃሪያ ያንን ልጅ ባየች ቁጥር ጥርሷን ታፋጫለች። ማሙሽ እንደዚያ ሆኖ ከሚመለስላት ጭራሽ ባይመለስ ትመርጣለች።

እናታቸው ሶፋ ሰሪ ናት። ያን ዕለት ከከተማው በር ውጭ ላለ ደንበኛ የሠራችውን ሶፋ ገልብጣ የሽቦ ሞላውን ከሆዱ አወጣች። ማሙሽን በቦታው አስተኛችና አየር እንዲያገኝ የጀርባውን ጨርቅ በሰፊው በክር ወሰወሰችው። ቃሪያ በወንድሟ ወገብ ዙሪያ ስፖንጅ ጠቀጠቀች።

“ቃሪያ፣ ያሳክከኛል።”

“ቻለው። ከበሩ ውጭ አክስታችን ቤት ስትደርስ እንደ ልብህ ታካለህ።”

“አንቺስ?”

“እኔማ ከአባባ ጋር እጫወታለሁ” አለችው። ሊስቅ ሲል አፉን በእጇ ያዘችው።

ባለጋሪው መጥቶ ሶፋውን ሲጭን እናቷ ጆሮዋ ሥር ጠጋ አለች። “እንደ ወትሮሽ ተጫወቺ። ጎበዝ አትሁኚ፣ ሰነፍም አትሁኚ። ሰምተሽኛል?”

“ሰምቻለሁ፣ እማዬ።”

እናትየው ከጋሪው ጎን ጎን ቁልቁለቱን ወረደች። መንገዱ እስከ ከተማው በር ድረስ ከደጃፋቸው ይታያል። ቃሪያ ታብሌቷን ታቅፋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

“ልጆቼ!” አለ አባባ መርማሪ። “ሰባሪው ከከተማችን ሊያመልጥ ይፈልጋል። እስቲ ይህን ክፍል እዩልኝ። ሰው ሊደበቅበት የማይችለውን ሁሉ ሰርዙ።” አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ መጋረጃ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ባልዲ፣ ሶፋ።

እስቲ እናንተም እዚህ ላይ ቆም በሉና ሰርዙ። ሰዓቱን ሰረዛችሁ? ባልዲውንም? ሶፋውንስ? ሞላና እንጨት ውስጥ ማን ይገባል ብላችሁ ሰርዛችሁታል፤ ማንም ይሰርዘዋል። ቃሪያ ግን ሰዓቱንና ባልዲውን ሰረዘችና ሶፋውን ዘለለችው። የሶፋ ሰሪ ልጅ ናት። ሶፋ ለሷ ሆድ ያለው ነገር ነው፤ አሁን ገና በገዛ እጇ ወንድሟን የከተተችበት። ልብ እንኳ አላለችውም።

ታብሌቱ ላይ ኮከብ ተንቦገቦገ። “ጎበዝ ልጄ! እንዲህ ያሰብሽው አንቺ ብቻ ነሽ።”

ከማዶ ደጃፍ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ጮኸች። “ምን ብትመልሺ ነው? እኔ እኮ ሶፋውን ነው መጀመሪያ የሰረዝኩት!”

ቃሪያ ሶፋውን እንዳልሰረዘችው ያኔ ገባት። ቁልቁል ወደ በሩ አየች። ፈታሾቹ ጆሯቸው ላይ የሰኩት ነገር ሲያወራቸው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ከዚያ ሰልፉ ፊት ያለችውን ታክሲ መቀመጫ በቢላዋ መተርተር ጀመሩ። ስፖንጁ መሬት ላይ ይበተናል። ከታክሲዋ ቀጥሎ ጋሪው፣ ከጋሪው ጎን እናቷ።

ያኔ ነው የተንገበገበችው። በፈታሾቹ አይደለም፤ በዚያ ፈገግታ። ጎበዝ ልጄ! የገዛ ወንድሟን በእሷ ጣት ሊያርደው፣ ኮከብ ሰጥቶ ሊያመሰግናት! “አወቅኩት” የሚለውን ቀይ ቁልፍ ተጫነች። የሰፈሩ ልጆች ፎቶ ተደረደረ። ማሙሽ ጥርሱ ወልቆ እየሳቀ ከመካከላቸው አለ። የራሷን ፎቶ ተጫነች።

“እርግጠኛ ነሽ፣ ልጄ? ማስረጃ አለሽ?”

“እንካ ማስረጃ!” ከደረጃው ሥር ድንጋይ አነሳች። እንደ ማሙሽ ከጀርባ አልዞረችም። በምሰሶው ላይ ካለው አዲሱ ካሜራ ፊት ለፊት ቆማ፣ ፊቷን በደንብ አሳይታ ወረወረች። መስታወቱ ረገፈ፤ ሳይረን ጮኸ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ “አበድሽ?” ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች።

በሩ ላይ ያሉት ፈታሾች ሹመቱ እንዳያመልጣቸው እየተገፋፉ ዳገቱን ይሮጡ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ ቀረ። ታክሲዋን በእጁ አሳለፈ፤ ጋሪውንም አሳለፈ። እናትየው አንዴ ዞር ብላ ወደ ላይ አየች። ቃሪያ እጇን አላውለበለበችም። ጋሪው በሩን አልፎ ከዓይኗ ተሰወረ።

ፈታሾቹ መኪና አስመጥተው ከኋላ ወረወሯት። አንዱ ታብሌቱን ጭኗ ላይ ጣለላት።

“አዝኛለሁ፣ ልጄ” አለ አባባ መርማሪ፤ ፈገግታው እንዳለ ነው። ያው ክፍል እንደገና ታየ። “ይቺን ብቻ ንገሪኝና እንታረቅ። ሶፋው ውስጥ ማን ነበር? ወይስ መልስሽን ታርሚያለሽ?”

“አርማለሁ፣ አባባ።”

ሶፋውን በጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዘችው። “እዚያ ውስጥ ሰው አይገባም” አለች። ጆሮዋም አልቀላም።