የአዘጋጁ ስም

ሰይፈ ገብርኤል ሲሞት ሚስቱ ሀረገወይን ኦስትሃፈን በሚባለው የወንዝ ወደብ ካሉት መጋዘኖች ጀርባ የተከራዩትን ማተሚያ ቤት አልዘጋችም። በየወሩ አውሮፓ ላሉ ኢትዮጵያውያን በፖስታ የሚሄደውን ጋዜጣ ራሷ ትጽፍ፣ ታትም፣ ትልክ ጀመር። የቸገራት ከፊት ገጹ ራስጌ፣ በባሏ ስም ቦታ፣ የማን ስም እንደሚገባ ነበር።

የባሏ ጓደኛ ጋሽ ይልማ፣ «ፖለቲካ ነው፤ አዘጋጇ ሴት ናት ከተባለ አንባቢው ይሸሻል። ነገሩ እስኪረጋጋ የኔን ስም አድርጊው» አሏት። ለእሷ አስበው ነው። እሺ አለች።

እስኪረጋጋ የተባለው ዓመታት ፈጀ። ጋሽ ይልማ አንድ መስመር ጽፈው አያውቁም፤ ሰው ግን ትራም ላይ ሳይቀር፣ «የዚህ ወር ርእሰ አንቀጽ አንጀቴን አራሰው» ይላቸዋል። አንድ ቀን ሽቫንሃይም ሰፈር ካለው ቤታቸው ደወሉላት።

«ሀረግ፣ ስሜን አንሺልኝ። ባመሰገኑኝ ቁጥር እሸማቀቃለሁ።»

«በሚቀጥለው እትም አነሣዋለሁ፣ ጋሽ ይልማ።»

አላነሣችውም። የራሷን ስም ጽፋ ታየዋለች፤ ስድቡና የሚሸሹት አንባቢዎች ይታዩዋታል፤ መልሳ ታጠፋዋለች። ሰው ወሬውን በስልኩ ማንበብ ሲጀምር ጋዜጣው በይልማ ስም እንደወጣ ተዘጋ።

ባለፈው መጋቢት ጋሽ ይልማ ዐረፉ። በቀብራቸው ላይ ተናጋሪው፣ «ሰይፈ ገብርኤል የጀመረውን ጋዜጣ በብዕራቸው ያኖሩ» ሲሉ፣ ልጇ አርሴማ ጠጋ ብላ «ማማ፣ ዛግ ዶኽ ቫስ» አለቻት፤ በጀርመንኛ አንድ ነገር በይ እንጂ ማለቷ ነው።

«አስከሬን ፊት?» አለች ሀረገወይን አቀርቅራ።

ከሳምንት በኋላ የሟች ሚስት እትዬ ሮማን ቤቷ መጡ። የቀብሩን ንግግር ለአርባው በሚታደል ወረቀት ላይ እንድታትምላቸው ፈለጉ።

«ይልማ ስለ ጋዜጣው አውርቶኝ አያውቅም» አሏት። «መቼ እንደሚጽፈው እንኳ አላየሁም። ትሑት ነበር።»

ሀረገወይን ልትናገር አፏን ከፈተች። የእትዬ ሮማን ዓይን በለቅሶ አብጧል።

«አትምልዎታለሁ» አለች።

ከሥራዋ የቀረቻት ትንሽ ማተሚያ ሳሎኗ ውስጥ ነበረች። ጽሑፉን ስታሰናዳ «በብዕራቸው ያኖሩ» የሚለው ላይ እጇ ቆመ።

«ለውጪዋ» አለች አርሴማ።

«ዛሬ ብለውጠው እሳቸውን ውሸታም ማድረግ ነው። ስሜን አንሺልኝ ብለው ለምነውኝ ነበር። ያላነሣሁት እኔ ነኝ።»

አርሴማ አጠገቧ ቁጭ ብላ ወረቀቱን ታጥፍላት ጀመር።

በአርባው ወረቀቱ ሲታደል አንዲት ሴት፣ «ፊደሉ እንዴት ያምራል፤ ማነው ያተመው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለች ሀረገወይን። ሌላውንም መናገር ፈልጋ ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ዞር ብላ የጋሽ ይልማን ብዕር ማድነቅ ጀምራለች።