ጋሽ ዛፕርያን ዝም ያለበት እሑድ

ጎረቤቴ ጋሽ ዛፕርያን ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጤናው አይደለም፤ በቅርቡ ስላየው ፊልም ነው። የፊልሙን ስም ከነገርከው አፍንጫውን ሸብሸብ አድርጎ «እሱንማ ሁሉም ሰው አይቶታል» ይልሃል፤ ሌላ ሰው በልቶ የተወውን ሳህን ያቀረብክለት ይመስል። ከዚያ ማንም ያላየውን ፊልም ይነግርሃል። አንዴ ከጀመረ ደግሞ የምትሄድበት ቦታ እንደነበረህ ትረሳለህ።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ ዴሳ ይሉኛል። ከጋሽ ዛፕርያን ጋር በር ለበር ነን። መስከረም ላይ የሕንጻችን ሴቶች ከደጅ ተሰብስበን ለብርዱ ወራት የሚሆን ድልህ ስናዘጋጅ፣ እሱ በርጩማውን ይዞ ይመጣና አብሮን የተጠበሰ ቃሪያ ይልጣል። ይልጣል ስል፣ አንዱን ቃሪያ ይዞ አንድ ሙሉ ፊልም ይተርካል ማለቴ ነው።

«ጋሽ ዛፕርያን፣ ቃሪያው በእጅህ ላይ አረጀ እኮ» እለዋለሁ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን ልጅቷ በሩን ልትከፍት ነው።»

ዕድሜውን ያሳለፈው በዳንዩብ ወንዝ ላይ፣ በጭነት ጀልባ ነው። ጓደኞቹ ወደብ ሲደርሱ መጠጥ ቤት ሲገቡ እሱ ሲኒማ ቤት ይገባ ነበር። ሃንጋሪኛውንም ጀርመንኛውንም የተማረው እዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ጡረታ ሲወጣ መጽሐፍም ጭፈራም የሚገኝበትን የንባብ ቤታችንን አዳራሽ ለምኖ የእሑድ ከሰዓት ተፈቀደለት። ሌላው ዓለም የረሳቸውን ፊልሞች ከየትም ፈልጎ ያመጣል። ማንም በእኛ ቋንቋ ስላልተረጎማቸው ጠረጴዛና ማይክሮፎን አስቀርቦ እየተከታተለ ይተረጉማል፤ ሙሽራዋንም፣ አማቷንም፣ ፖሊሱንም እሱ ራሱ ነው። እኛም በቪዲዮ ካሴት ዘመን፣ አንድ ሰው ፊልሙን ሁሉ በአንድ ድምፅ ሲተረጉም እየሰማን ያደግን ስለሆንን አይገርመንም።

የሚያስቸግረው መተርጎሙ አይደለም፤ ማስረዳቱ ነው። ተዋናዮቹ አፋቸውን ሲዘጉ እሱ ይከፍታል። «አሁን ልቧ ተሰብሯል» ይላል። «እጇን እዩ! እጇን!» እኛ ደግሞ እጇን ስንፈልግ ፊቷ ያመልጠናል። ጸጉር አስተካካያችን ጻንኮ የሱፍ ዘሩን እየቆረጠመ «ጋሽ ዛፕርያን፣ እኛም ዓይን አለን!» ብሎ ይጮኻል። ይሳቃል፣ ይታለፋል። ግን ሰው እየቀነሰ ሄደ።

የንባብ ቤቱ ኃላፊ ኔቬና ክፉ ሴት አይደለችም፤ ባዶ ክፍል ስታይ መብራት የምታጠፋ ሴት ናት እንጂ። ድልህ በምናማስልበት ቀን መጥታ ፊት ለፊታችን ነገረችው።

«የጭፈራ ቡድኑ ልምምድ የሚያደርግበት ቦታ አጥቶ በኮሪደር ይጨፍራል። አንተ ደግሞ ያን የሚያህል አዳራሽ ለጥቂት ሰው ትከፍታለህ። የሚመጣው እሑድ ሰው ካልገባ፣ እሑድን ለእነሱ እሰጣለሁ። አትቀየመኝ።»

«የሚመጣው እሑድማ የጣቢያ ጠባቂው ነው» አለ ጋሽ ዛፕርያን፤ ይሄ ብቻውን መልስ የሚሆን ይመስል።

የጣቢያ ጠባቂው የሚባለውን ፊልም ሁላችንም በወሬ እናውቀዋለን። በወጣትነቱ በአንድ የሃንጋሪ ወደብ ብቻውን ተቀምጦ ያየው፣ ከዚያ ወዲህ ሲፈልገው ኖሮ በቅርቡ ያገኘው ነው። ባቡር መቆም ያቆመበትን ጣቢያ ስለሚጠብቅ ሽማግሌና ወደ ከተማ ልትወስደው ስለመጣች ልጁ ነው። ለምን እንደዚህ እንደወደደው አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። «ከአዳራሹ ስወጣ ስለሱ የማወራው ሰው አልነበረም» አለኝ። ቃሪያውን ለአንዴ በትክክል ልጦ ወደ ሳህኑ ጣለ።

በዚያው ሳምንት ጉሮሮው ታመመ። የድምፁ አውታር ላይ የወጣች ትንሽ እብጠት ቆርጠው አወጡለትና ለአንድ ወር እንዳይናገር፣ ሹክ እንኳ እንዳይል ከለከሉት። የልጅ ሰሌዳ በአንገቱ አንጠልጥሎ ጠመኔ በኪሱ ይዞ ከሆስፒታል ተመለሰ። ሕንጻችን እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ማታውን በሬን አንኳኳ። ሰሌዳው ላይ «አንቺ ታነቢያለሽ» ይላል።

«ምኑን?»

በእጅጌው አጥፍቶ «ፊልሙን። እሑድ» ብሎ ጻፈ። ትርጉሙን አስቀድሞ ጽፎ ጨርሷል፤ ወረቀቱን በብብቱ ይዟል።

«ጋሽ ዛፕርያን፣ እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ሰው ፊት ያነበብኩት ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። ያኔም አስተማሪው ጆሮውን ይዞ ወጣ። በጣም ትጮኺያለሽ ብሎኝ።»

«ጩኸቱን ነው የፈለግኩት» ብሎ ጻፈ።

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ወረቀቱን ከብብቱ አውጥቶ ዘረጋልኝ፤ ተቀበልኩት።

እሑድ አዳራሹ ከወትሮው ሞልቷል። ለፊልሙ እንዳይመስላችሁ። ጻንኮ ደንበኛ በላጨ ቁጥር «ዴሳ ፖሊስ ልትሆን ነው» እያለ ሲያወራ ሰንብቶ ሰው ሁሉ በእኔ ሊስቅ መጥቶ ነው። ኔቬና ኮቷን ሳታወልቅ፣ ቁልፎቿን በእጇ እንደያዘች በሩ አጠገብ ቆማለች። ጋሽ ዛፕርያን ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ በዚህ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተመልካች ተቀመጠ። እጁን የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ሰሌዳውን አቅፎታል።

ጀመርኩ። ሽማግሌው «ማን ነው?» ሲል እኔ «ማን ነው!» ብዬ ስጮህ ከኋላ አንዱ «ቀስ በይ፣ ባቡሩ ይደነግጣል!» አለ።

«ባቡር የለም እኮ» አለ ሌላው።

«ይኸው አስፈራርታው ቀረ!»

ልጅቷን በቀጭን ድምፅ ላነብ ሞከርኩ። «ልጅቷ ጉንፋን ይዟታል እንዴ?» አለ ጻንኮ። ላቤ ወረደ። ከዚያ ፖሊሱ መጣ፤ ፖሊሱ ግን ተሳካልኝ፤ ጭብጨባም አገኘሁ። እየቆየ ሳቁ በረደ፤ የሱፍ ዘሩ ቁርጠማ ብቻ ቀረ።

ፊልሙ መሐል ላይ ሽማግሌው የታጠበ አንሶላ ከገመድ ያወርዳል። ልጅቷ ሌላኛውን ጫፍ ትይዝለታለች። ለማጠፍ ይቀራረባሉ። ገጹን ስገልጥ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው፤ ፖስተኛ፣ ብስክሌት፣ ውሻ። መልሼ ገለጥኩ። ለካ ጋሽ ዛፕርያን ትርጉሙን የጻፈው እኛ ዘንድ ቃሪያ እየላጠ ነው፤ ሁለቱ ገጾች በድልህ ተጣብቀዋል። በጥፍሬ ብሞክር ወረቀቱ መቀደድ ጀመረ። ማይክሮፎኑ ላይ ትንፋሼ ብቻ ይሰማል።

ጋሽ ዛፕርያን ብድግ አለ። ይሄን ቦታ ለስንት ዓመት በቃሉ ሲለው ኖሯል! ወደ እኔ ዞሮ አፉን ከፈተ፤ የአንገቱ ሥር ተወጥሮ ታየኝ። «እንዳትናገር!» አልኩት፤ ማይክሮፎኑ አጠገቤ መሆኑን ረስቼ። አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ግን ማንም አልሳቀም።

አፉን እንደከፈተ ሰው ሁሉ ወደየት እንደሚያይ አየ። ወደ እሱም ወደ እኔም አልነበረም። ጻንኮ የሱፍ ዘሩን ከንፈሩ ላይ እንዳደረገ ቀርቷል። ጋሽ ዛፕርያን እሱም ቀስ ብሎ ወደ ፊልሙ ዞረ። አንሶላው አንዴ ታጠፈ፤ ተቀራረቡ። እንደገና ታጠፈ፤ እጅ ለእጅ ተነካኩ። ሽማግሌው በልጁ ጆሮ አጭር ነገር አላት። ሳቀች። ከዚያ ፊቷን አንሶላው ውስጥ ቀበረች። ቀና ስትል ያንኑ ያጠፉትን አንሶላ ዘርግታ አልጋው ላይ አነጠፈችው።

ጋሽ ዛፕርያን አፉን ዘግቶ ተቀመጠ።

ፖስተኛው በብስክሌት ሲመጣ ማንበቤን ቀጠልኩ። ግን ከዚያ በኋላ ምን እንዳነበብኩ ብትጠይቁኝ አላስታውስም።

ሌላ ጊዜ ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ወደ ቤቱ ይበተናል። ያን ቀን ደረጃው ላይ ተከማችቶ ቀረ።

«'አልሄድም' ነው ያላት» አለ ጻንኮ።

«አልሄድም ቢላት ትስቃለች እንዴ? ስለ እናቷ ነው የነገራት» አለ አንዱ።

«አንተ ሚስትህ የምትልህ መቼ ገብቶህ ነው ሃንጋሪኛው የሚገባህ?» አለው ጻንኮ።

«እደሪ ነው ያላት» አለች ኔቬና። ሁላችንም ዞርን። ቁልፎቿን ጨብጣ ከኋላችን ቆማለች። «አንሶላውን መልሳ አነጠፈችው አይደል? ዛሬ እንኳ እደሪ ብሏት ነው። ሰው እንዲያ ነው የሚለምነው።» ድምፅዋ የኃላፊ ድምፅ አልነበረም።

ክርክሩ ሲጦፍ አንዱ «ምን አደከመን፣ ባለቤቱ አለ አይደል!» አለ። ሁሉም ጋሽ ዛፕርያንን ከበቡት። ጠመኔውን ከኪሱ አወጣ። ሰሌዳውን ደረቱ ላይ አስተካከለ። እንዲህ ጸጥ ብለው አድምጠውት አያውቁም። በዚያ ወደብ ከአዳራሹ ወጥቶ ያጣውን ሰው ሁሉ ባንድ ደረጃ ላይ አግኝቷል፤ ሁሉም ስለ አንሶላው ነው የሚያወራው።

ሁላችንንም አንድ በአንድ አየንና ጠመኔውን መልሶ ኪሱ ከተተ።

«ኧረ ጻፍ እንጂ!» አለ ጻንኮ። «ዕድሜህን ሙሉ ያልተጠየቅኸውን ስትነግረን ኖረህ አሁን ስንጠይቅህ?»

ጋሽ ዛፕርያን ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ በእጅጌው ጠረገ። ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ ግን ውሃ ሞልቷል።

ኔቬና በሩን ቆልፋ ስትወርድ «ጭፈራው ቅዳሜ ይሁን» አለች፤ ለማንም እንዳልተናገረች ሁሉ። ሁለት ደረጃ ወርዳ ደግሞ «ይሄንኑ የሚመጣው እሑድ መልሳችሁ አሳዩት። ዴሳ፣ አንቺም ያቺን ልጅ በራስሽ ድምፅ አንብቢያት» አለችኝ።

ወረቀቱን ቤት ይዤ ገብቼ ገጾቹን በቢላ ልለያያቸው ነበር። ቢላውን ካነሳሁ በኋላ ተውኩት። እንደተጣበቁ መለስኩለት። እሱም ተቀብሎ በብብቱ ያዘው።

የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ድምፁ ተመለሰ፤ ሸካራ ሆኖ፣ ግን የራሱ። ወንበሬን ለቀቅኩለትና ከጻንኮ አጠገብ ተቀመጥኩ። ያመጣው ፊልም እንደ ልማዱ ማንም ያልሰማው ነው። የሚባለውን በደንብ ተረጎመ። ከዚያ አንዲት ሴት መስኮት አጠገብ ቆማ ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። እኛም «አሁን ልቧ ተሰብሯል» እስኪል ጠበቅን። ምንም የለም።

«ጋሽ ዛፕርያን!» ብሎ ጮኸ ጻንኮ። «ደግሞ ድምፅህ ጠፋ እንዴ?»

«አልጠፋም» አለ ከጠረጴዛው ኋላ። «እያየሁ ነው።»