የማለዳው ዳዊት

ኪዳነወልድ የንፍሮውን ሳህን ይዞ በሸራው ስር አጎንብሶ ሲያልፍ፣ እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ጠሩት።

«ኪዳኔ፣ ዳዊቱን ለምን ተውከው?»

ሳህኑ እጁ ላይ ዘመም አለ፤ ጥቂት ስንዴ ረገፈ።

የባለቤታቸው የጋሽ ሽመልስ ሠልስት ነበር። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወረድ ብሎ ያለው መተላለፊያ ለድንኳን አይበቃምና ሸራው ከግድግዳ ግድግዳ ተወጥሯል። የፊት ለፊቱ ባለሱቅ ዑመር ለለቀስተኛው ውሃ በጄሪካን ሲያመላልስ ውሎ፣ አሁን ካርታ የሚጫወቱትን ጎረምሶች እየተረበ ነው፤ ጋሽ ሽመልስ ቢኖሩ እንዲህ ያለ አጭበርባሪ ከጎናቸው አያስቀምጡም ነበር ይላቸዋል። ሰው ፈገግ አለ። ኪዳነወልድ አንገቱን ደፋ።

የእሱንና የሟችን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። መሥሪያ ቤታቸውም አንድ ነበር። አምና ግምገማ ላይ ጋሽ ሽመልስ እጃቸውን አውጥተው፣ ኪዳነወልድ ባለጉዳይ ያመናጭቃል ብለው በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። እውነት ነበር። የከነከነውም እውነትነቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ሲገናኙ ጎንበስ ብሎ «ደህና አደሩ ጋሼ» ይላቸዋል፤ ጎህ ሲቀድ ግን ዳዊቱን ይገልጣል። እግዚአብሔር ጠላትን እንደ ጭስ የሚበትንበትን፣ በነገሥታት ዛቻ ከላይ ሆኖ የሚስቅበትን ቦታ እየመረጠ ጮክ ብሎ ያነባል። ጠላት የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግና በሹክሹክታ «ሽመልስ» ይላል። መዝሙሩ ስም አልጻፈም። ለእግዚአብሔር ጠላቱን ማሳየት ያለበት መስሎት ስሙን የጨመረው እሱ ነው።

ከጥቅምት ወዲህ ከግድግዳው ማዶ ሳል ይሰማ ጀመር። ሳሉ ሲጠና ንባቡን ከፍ አደረገ። ጸሎቴ ተሰማ ብሎ ነበር።

«ድምፅህ ቢጠፋብኝ ነው የጠየቅኩህ» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩት። ጋሽ ሽመልስ ደረታቸው ሲያፍናቸው ያድርና፣ የእሱ ንባብ ሲጀምር አልጋውን ወደ ግድግዳው እንዲያስጠጉላቸው ይለምኗቸው ነበር። ጆሯቸውን ለጥፈው ይሰማሉ። ያ ልጅ ቢቀየመኝም ጸሎቱን አልተወም፣ ለሁላችንም ይደርሰናል ይሉ ነበር።

«መሐል መሐል ላይ ዝም ትል የለ? እዚያ ጋ ጋሼህ አሜን ይላል። በሞተባት ጠዋት እንኳ ብሏል።»

ኪዳነወልድ እውነቱን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። አንዲት ለቅሶ ደራሽ እየጮኸች ገባች፤ እትዬ ብዙነሽ ፊታቸውን ሸፈኑ። ተገላገልኩ አለ በልቡ። ወዲያው በዚያ አፈረ።

ሊወጣ ሲል ክንዱን ያዙት። «ነገ አንብብልኝ። እኔም ልስማው።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዳዊቱን ሲያነሳ፣ የጣቱ ወዝ ያጠቆረው ገጽ ላይ በራሱ ተከፈተ። ሊያልፈው ፈለገ። ከማዶ ግን አልጋ ወደ ግድግዳው ሲጎተት ሰማ።

አነበበ። ጠላት የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ። እዚያ የሚያስገባው አንድ ስም ብቻ ነበር የቀረው፣ የራሱ፤ እሱን የሚልበት ድምፅ አጣ።

«አሜን» አሉ እትዬ ብዙነሽ ከማዶ፣ በለቅሶ በሻከረ ድምፅ።

ኪዳነወልድ መጽሐፉን ሳይዘጋ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።